የቀድሞ ወታደሮችን የሚያስተኛ ሐኪም፦ ተረቱና እውነታው

በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉ የሐበሻ ቤቶች በአንዱ፣ አንድ ወጣት ሐኪም «ቪኤ ሆስፒታል በአኔስቴዥያ ተቀጠርኩ» ቢል ከአክስቱ «ውይ ልጄ፣ ወታደር ሆንክ ማለት ነው?»፣ ከአጎቱ ደግሞ «ምነው፣ ደህና ቦታ ጠፋ?» የሚል መልስ ሳያገኝ አይቀርም። የአክስት ስጋት ቶሎ ይመለሳል። የአጎት ጥርጣሬ ግን መነሻ ስላለው ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ሥራው በእርግጥ የሚከብደው የቱ ጋ እንደሆነ ሁለቱም አልጠየቁም፤ ብዙ ሰውም አይጠይቅም።

ቪኤ የሚባለው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስቴር የጦሩ አካል አይደለም። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ወታደርና ሆስፒታል ሲባል የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ትዝ ስለሚለው ግራ ቢጋባ አይገርምም። በአሜሪካ ግን መለዮውን እንደለበሰ የቆሰለ ወታደር የሚታከመው በመከላከያው ሆስፒታሎች ነው። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተነሡ ከባድ ቁስለኞች በጀርመን ላንድስቱል በኩል አልፈው እንደ ዋልተር ሪድ ወዳሉ ቦታዎች ይወሰዱ ነበር። የቪኤ ሥራ የሚጀምረው መለዮው ከወለቀ በኋላ ነው። በ1930 እንደ አስተዳደር ተቋቁሞ በ1989 ወደ ሚኒስቴርነት ያደገው ይህ መሥሪያ ቤት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 170 ያህል ሆስፒታሎችና ከ1,000 በላይ ክሊኒኮች አሉት፤ የተመዘገቡት ታካሚዎችም ከ9 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሐኪሞቹ ሲቪል የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ማንም ጦር ሜዳ አይልካቸውም።

ስለዚህ በፊልም እንደምናየው በሄሊኮፕተር የደረሰ፣ ደሙ ያልቆመ ቁስለኛ እዚህ እምብዛም አይታይም። ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ የሚተኛው ባብዛኛው ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ ዳሌው ሊቀየርለት፣ ፕሮስቴቱ ሊወጣለት፣ የዓይን ሞራው ሊገፈፍለት ወይም የተዘጋ የደም ሥሩ ሊከፈትለት የመጣ። የቬትናም ዘማች ከሆነ ለኤጀንት ኦሬንጅ ኬሚካል ተጋልጦ ሊሆን ይችላል፤ መንግሥት ዓይነት 2 የስኳር በሽታንና የልብ ደም ሥር በሽታን ከዚያ ኬሚካል ጋር አያይዞ ይቀበላል። ሲጋራውን፣ ደም ግፊቱንና የሰለለ ሳንባውን ጨምሩበት። ምጥና ሕፃን ግን የለም። ሴት የቀድሞ ወታደሮች ብዙ ቢሆኑም ቪኤ ለወሊድ እየከፈለ ውጭ ሆስፒታል ይልካቸዋል። የማዋለጃ ክፍል ሩጫ የሚናፍቀው የአኔስቴዥያ ሐኪም እዚህ ሥራ ሊሰለቸው ይችላል።

«ያስተኛል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል» የሚለው ሐሜት ቪኤ ብቻ ሳይሆን የትም አለ። ማስተኛቱ በእርግጥ አጭር ነው፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ከገባ ደቂቃ ሳይሞላ ሰውየው ይሄዳል። የቪኤው ሥራ የሚከብደው ግን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለውን ወሬ ጠጋ ብለን እንስማ። ሐኪሟ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች። ከምሽቱ ጀምሮ ምን እንደበላ (ቀለል ያለ ምግብ ከሆነ 6 ሰዓት፣ ውሃ ከሆነ 2 ሰዓት ማለፍ አለበት)፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳለው ትጠይቃለች። ቀጥላም «ያንኮራፋሉ? ተኝተው ትንፋሽዎ ሲቆም ሰው አይቶ ያውቃል?» ትላለች። በዚህ ዕድሜና በዚህ ክብደት የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ የተለመደ ነው፤ ያልተነገረ እንደሆነ ደግሞ ሰውየው ከኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ የህመም ማስታገሻው ትንፋሹን ሊያዘገይበት ይችላል። ከዚያ ስለ መጠጥ ትጠይቃለች። ይህ ለወቀሳ አይደለም። ለዓመታት የጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል፤ በዚያው ሰዓት ሰክሮ የመጣ ሰው ግን የሚበቃው ከወትሮው ያነሰ ነው።

በሌላ ሆስፒታል ብዙም የማይሰማው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይመጣል፦ «ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ሆነው ሲነቁ ተረብሸው፣ ተደባድበው ያውቃሉ?» ሰውየው ፈገግ ብሎ «አንዷን ነርስ ገፈተርክ አሉኝ፤ እኔ ምንም አላስታውስም» ሊል ይችላል። ወይም ዝም ብሎ ወደ ሚስቱ ያያል፤ መልሱን የምትሰጠው እሷ ናት።

የጦርነት ጠባሳ በአእምሮው የቀረበት ሰው ከሰመመን ሲወጣ አንዳንዴ ዓይኑ ይገለጣል እንጂ ያለበትን ቦታ አያውቅም። የጉሉኮሱን መስመር ይነቅላል፣ ከአልጋው ሊወርድ ይታገላል፣ የያዘውን እጅ ይመታል። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይረጋጋል፤ ያደረገውንም አያስታውሰውም። ልምድ ያላቸው የቪኤ ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ሰው ፊቱ ላይ አጎንብሰው፣ ትከሻውን ይዘው አይቀሰቅሱም። ጫጫታው ይቀነሳል፣ አንድ ሰው ብቻ ራቅ ብሎ በስሙ ይጠራዋል፣ መንካት ካስፈለገም እግሩን ነው። ሐኪሙም አስቀድሞ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይጨምራል፤ ወይም ኦፕራሲዮኑ ከፈቀደ ሙሉ ሰመመኑን ትቶ እጁን ወይም እግሩን ብቻ ያደነዝዛል። ይህን ሁሉ ማሰናዳት የሚቻለው ያ ጥያቄ ጠዋት ከተጠየቀ ነው። የዚህ ሥራ ዋና ችሎታ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ከመርፌው ጥያቄው ይበልጣል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ተረት አለ፦ «ወታደር ህመም ይችላል»። ጀግንነት ከመድኃኒት መጠን ጋር ዝምድና የለውም። የጀርባ ህመም ይዞት ለዓመታት ኦፒዮይድ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ የዋጠ ሰው ሰውነቱ ስለለመደው ከሌላው የበለጠ ማስታገሻ ይፈልጋል። ዕድሜ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ ሰውን ተኝቶ ለማቆየት የሚያስፈልገው የሰመመን ጋዝ በየ10 ዓመቱ 6 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንድ አልጋ ላይ ሁለቱም ሲገናኙ ሒሳቡ ቀላል አይሆንም።

ወታደርና ሰመመን ሲነሡ ሁለት የቆዩ ወሬዎች አይቀሩም። አንደኛው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች ጥይት ነክሰው እግራቸው ይቆረጥ ነበር የሚለው ነው። ኤተር በቦስተን በአደባባይ የታየው በጥቅምት 1846 ነው። ጦርነቱ በ1861 ሲነሣ ሰመመን የታወቀ ነገር ነበር፤ አብዛኛው ከባድ ኦፕራሲዮንም በክሎሮፎርም ወይም በኤተር ነው የተሠራው።

ሁለተኛው ወሬ የፐርል ሃርበር ነው። በ1941 ጥቃት ከጃፓን ቦምብ ይልቅ ብዙ ወታደር የገደለው ፔንቶታል የሚባለው የማደንዘዣ መርፌ ነው ይባላል። ወሬው በ1943 አንድ ሐኪም በሙያው መጽሔት ላይ ካወጣው ትችት ተነሥቶ ለአሥርት ዓመታት በማስተማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ሲደገም ኖረ። በኋላ ቁስለኞች የተወሰዱበት የትሪፕለር ሆስፒታል መዝገብ ሲመረመርና ውጤቱ በ1995 ሲታተም ከገቡት 344 ቁስለኞች የሞቱት 13 ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም በመርፌው ምክንያት ሞቱ ሊባል የሚችለው ቢበዛ ጥቂቱ ነው። በወሬው ውስጥ ያለችው እውነት ግን ዛሬም ትሠራለች፦ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው የጤነኛውን መጠን መስጠት ደም ግፊቱን ይጥለዋል።

አሁን ወደ አጎት። «የመንግሥት ሆስፒታል ሰነፍ ነው» የሚለው ስም ከሰማይ አልወረደም። በ2014 በፊኒክስ ከተማ ቪኤ ሆስፒታል የቀጠሮ መዝገብ እየተሸሸገ ታካሚዎች ለወራት ሲጠብቁ እንደነበር ተጋለጠ፤ ሚኒስትሩ ኤሪክ ሺንሴኪም በግንቦት መጨረሻ ሥልጣን ለቀቁ። በ2018 የወጣው ሕግ ወረፋው ከረዘመ ወይም ሆስፒታሉ ከራቀ ታካሚው በቪኤ ወጪ ውጭ እንዲታከም ፈቀደ፤ ለስፔሻሊስት መለኪያው 28 ቀን ወይም የ60 ደቂቃ መንገድ ነው። ይህን ማስተባበል አይቻልም።

ወረፋ ረዘመ ማለት ግን ኦፕራሲዮኑ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በ1985 ኮንግረስ ቪኤ የኦፕራሲዮን ውጤቱን ከአገሪቱ አማካይ ጋር እንዲያነጻጽር አዘዘ። ችግሩ የታካሚውን የበሽታ ክብደት አገናዝቦ የተሠራ አገር አቀፍ አማካይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማንም ለክቶት አያውቅም። ቪኤ ራሱ ሊሠራው ተነሣ። ከ1991 ጀምሮ በ44 ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርሶች የየታካሚውን መረጃ ሰበሰቡ፤ በ1994 ሥራው ወደ ሌሎቹም ተስፋፋ። ከቦስተኑ የቪኤ ቀዶ ሐኪም ከሹክሪ ኩሪ ስም ጋር የሚነሣው ይህ ፕሮግራም በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከኦፕራሲዮን በኋላ በ30 ቀን የሚደርሰው ሞት በ27 በመቶ ሲቀንስ አየ። በ2004 የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ወስዶ ለግል ሆስፒታሎች አዳረሰው። ሞትን አስቀድመው ከጠቆሙት ምልክቶች አንዱ ደግሞ የአኔስቴዥያ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ከመጀመሩ በፊት የሚጽፈው፣ የታካሚውን ጤንነት ከ1 እስከ 5 የሚመድበው ቁጥር ነው።

«የቪኤ ሐኪም የማይፈለግ ሐኪም ነው» የሚለውም አያስኬድም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ጄኔራል ኦማር ብራድሊ መሥሪያ ቤቱን ሲመሩ፣ ሆስፒታሎቹ ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር ተቆራኙ። ዛሬ በአሜሪካ ከሚሠሩ ከ10 ሐኪሞች 7 ያህሉ ከሥልጠናቸው ጥቂቱን በቪኤ ያገኙ ናቸው። ከአገር ቤት ሄዶ ፈተናውን አልፎ ሬዚደንሲ የገባ ኢትዮጵያዊም ቪኤን መጀመሪያ የሚያውቀው በተለማማጅነት ሊሆን ይችላል። ለቋሚ ቅጥር ግን ቅድሚያው ለዜጋ ነው፤ ዜጋ ያልሆነ የሚቀጠረው ብቁ ዜጋ ሲታጣ ነው። የአንድ ስቴት ፈቃድ ያለው ሐኪም በየትኛውም ስቴት ባለ ቪኤ መሥራት ይችላል።

ደመወዙስ? ከግል ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ያንሳል። ሕጉ በመርህ ደረጃ ጣሪያውን ከፕሬዚዳንቱ ደመወዝ ጋር አስሮታል፤ 400,000 ዶላር። ዕረፍቱና ጡረታው ጥቂቱን ያካክሳል። «መንግሥት ስለሆነ አይከሰስም» የሚለው ግን ስሕተት ነው፤ ክስ ይቀርባል፣ ተከሳሹ ግን ሐኪሙ ሳይሆን የአሜሪካ መንግሥት ነው።

የአዲስ አበባ አንባቢን ሊያስገርም የሚችል አንድ ክርክርም አለ። በእኛ አገር ሰመመን በአብዛኛው የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው፤ ያለ እነሱ ቀዶ ሕክምናው ይቆማል። በቪኤ ግን በ2016 ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች ያለ ሐኪም ቁጥጥር እንዲሠሩ ሲፈቀድ የአኔስቴዥያ ነርሶች ከዝርዝሩ ወጡ። ሐኪሞቹ የታካሚ ደኅንነት ነው አሉ፤ ነርሶቹ የገበያ ጉዳይ ነው አሉ። ሁለቱም ወገን የሚነግረን ግማሹን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላም ነገሩ በየጊዜው እየተነሣ ነው።

ታካሚው ራሱ ይዞት የሚመጣው ተረት ደግሞ «ከነቃሁ በቃ፣ ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ» የሚለው ነው። ለኮሎኖስኮፒም ይሁን ለዓይን ሞራ፣ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው በዚያን ቀን መኪና መንዳት የለበትም፤ አብሮት የሚወጣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰውም ያስፈልገዋል፣ የታክሲ ሾፌር ደግሞ እንደ አጃቢ አይቆጠርም። ብቻውን የሚኖር የቀድሞ ወታደር ይህን ሰው ሳያገኝ ቀርቶ ወር የጠበቀው ቀጠሮ ጠዋት በር ላይ ይሰረዝበታል። በቤተሰቡ ወይም በጎረቤቱ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ያለው ሰው ቀኑን ጠይቆ ከሥራ ፈቃድ ቢወስድ፣ ስለ ማንኮራፋቱና ሌሊት ስለሚያባንነው ቅዠትም ለሐኪሙ ቢነግርለት ቀጠሮው ሳይሰረዝ ይሠራል።