ዎርዚንግ፦ የአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ታሪክ

ባለፈው ዓመት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን «የምትኖሩበትን ሰፈር ታሪክ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥተን ነበር። ከተመለሱት ወረቀቶች በአንዱ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ሰፈራችን ታሪክ የለውም፤ አባቴ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው» ይላል። ልጁን አልተቆጣነውም። ታሪክ ስንል ከሰሌዳው ላይ የምንጽፍለት ነገሥታትንና ጦርነቶችን ስለሆነ ጥፋቱ የእኛም ነበር። ስለዚህ ከዚያ ክፍል ጋር የአንዲት ከተማን ታሪክ ከሥሩ ጀምረን ለማየት ተስማማን። ልጆቹን ለመሳብ ስንል የመረጥነው ንጉሥ ያለባትን ከተማ ነው፤ አመል ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1936 ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው እኛ ዛሬ ወደምንኖርባት ጅቡቲ ደረሱ። ከዚህ ወደብ ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሃይፋ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በሰኔ መጀመሪያ ሳውዝሃምፕተን ወርደው እንግሊዝ ገቡ። የስደት ዓመታቸውን ያሳለፉት በባዝ ከተማ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። በዚያው በ1936 ግን በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በዎርዚንግ፣ ዋርንስ በሚባለው ሆቴል አርፈው ነበር። ባሕር ዳር ስንል ተማሪዎቻችን መጀመሪያ የጣናዋን ከተማ አስበው ነበርና፣ የዎርዚንግ ባሕር ጨዋማ፣ ቀዝቃዛና እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየው መሆኑን መናገር አስፈልጎናል።

ዎርዚንግ ከ250 ዓመት በፊት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ለከተማነት ያበቃት ወደብ ወይም ማዕድን አይደለም፤ የሐኪም ምክር ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የእንግሊዝ ሐኪሞች በባሕር ውኃ መታጠብ፣ እንዲያውም ውኃውን መጠጣት፣ በሽታ ያድናል ማለት ጀመሩ። እኛ ሕመምተኛ ወደ ጠበል ወይም ወደ ፍልውኃ እንደምንወስድ ሁሉ የእንግሊዝ ባለጠጎችም ወደ ባሕር ጎረፉ። መታጠቢያውም እንደዛሬው አልነበረም፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ መንኰራኩር ባላት ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ይገባሉ፣ ፈረስ ቤቲቱን እየጎተተ ውኃው ውስጥ ያስገባታል፣ እነርሱም ማንም ሳያያቸው በደረጃዋ ይወርዳሉ። ተማሪዎቻችን በዚህ በጣም ስቀዋል።

በ1798 የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የመጨረሻ ልጅ፣ ልዕልት አሚሊያ፣ ጉልበቷን ታማ ዎርዚንግ መጣች። ዕድሜዋ 15 ዓመት ገደማ ነበር። ብራይተን የምትባለው ትልቅ የመዝናኛ ከተማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ነገር ግን እዚያ ወንድሟ አልጋ ወራሹ ግብዣና ጭፈራ ስለሚያበዛ ለታመመች ልጅ ጸጥታ ያለው መንደር ተመረጠ። ልዕልቷ በመጣች በአምስት ዓመት፣ በ1803፣ ዎርዚንግ በሕግ ከተማ ተባለች። ደራሲዋ ጄን ኦስተን በ1805 እዚያ ቆይታለች። በ1845 ባቡር ገባ። ጅቡቲና ዎርዚንግ የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ያሳደጋቸው የባቡር ሐዲድ ነው፤ የእኛዋን ዕቃ በማመላለስ፣ ያችኛዋን እንግዳ በማመላለስ።

ከከተማዋ በስተሰሜን ሳውዝ ዳውንስ የሚባሉ ኮረብታዎች የሰሜኑን ነፋስ ይከልላሉ። አየሩ ለዘብ ያለ፣ ፀሐዩም ለእንግሊዝ ደህና ስለሆነ፣ ገበሬዎቿ በመስታወት ቤቶች ውስጥ ወይንና ቲማቲም እያመረቱ በባቡር ወደ ለንደን ይልኩ ነበር። ዳርቻው ግን ልጆቻችን እንደጠበቁት አሸዋ ብቻ አይደለም። ሙላቱ ሲመጣ የሚታየው ድብልብል ጠጠር ነው፤ አሸዋው የሚገለጠው ባሕሩ ሲሸሽ ነው። ሞገዱም ጠጠሩን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየገፋ ይወስደዋል። ዝም ቢባል ዳርቻው ተገፎ ባሕሩ ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። ስለዚህ ከመሬት ወደ ባሕሩ የሚገቡ የእንጨት አጥሮች በየርቀቱ ተተክለዋል፤ ጠጠሩ በአጥሩ አንድ ወገን ተከማችቶ ይቀራል። የበሰበሰ የባሕር አረም በበጋ የሚያመጣውን ሽታ ግን አጥርም አላስቆመው።

በ1862 ከባሕሩ በላይ ረጅም የእንጨትና የብረት መድረክ ተሠራ፤ እንግሊዞች ፒር ይሉታል። መርከብ እንዲጠጋበት፣ ሰውም ሳይረጥብ በባሕር ላይ እንዲንሸራሸር ነው። በ1913 የፋሲካ ሰሞን ማዕበል ሰበረው፤ በዓመቱ ተጠገነ። በ1933 ጫፉ ላይ የነበረው አዳራሽ ተቃጠለ፤ በ1935 አዲስ ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጡ ጊዜ እንግዲህ አዳራሹ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በ1940 ደግሞ እንግሊዞች ራሳቸው የጀርመን ጦር እንዳይወርድበት ብለው ፒሩን መካከሉ ላይ በፈንጂ ቆረጡት። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝን ለቀው ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ አገራቸው ተጓዙ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የከተማዋ ማስታወቂያም ይነግራል። እኛን የያዙን ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የኅዳር 1850 ነው። ላላ ሩክ የተባለች ትልቅ መርከብ በብርቱ ነፋስ ከዎርዚንግ ፊት ለፊት ተቸገረች። 11 ዓሣ አጥማጆች በገዛ ጀልባቸው ሊረዷት ወጡ። ጀልባቸው ተገለበጠች፤ ከ11ዱ አንድም አልተመለሰም። የከተማዋ ሰው በዳርቻው ቆሞ ነበር። በዚያን ጊዜ ዎርዚንግ ለመዝናኛ የሚሆን ብዙ ነገር ነበራት፤ የነፍስ አድን ጀልባ ግን አልነበራትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገዛች።

ሁለተኛው የ1893 ነው። ሕዝቡ በዝቶ ውኃ አነሰ። ከተማዋ የምትጠጣው ጠመኔ ከሚመስለው ነጭ ድንጋይ ሥር ከሚወጣ የጉድጓድ ውኃ ነው። ይህ ድንጋይ ውኃን እያጣራ ያሳልፋል፤ ስንጥቅ ሲኖርበት ግን ምንም ሳያጣራ እንደ ቧንቧ ያወርደዋል። ተጨማሪ ውኃ ለማግኘት ከመሬት በታች ሲቆፈር ስንጥቅ ተነካ፤ ብዙ ውኃ ፈለቀ፤ ሰውም ደስ አለው። ነገር ግን በዚያ ስንጥቅ የፍሳሽ ቆሻሻ ይገባ ነበር። በጸደይና በበጋ የአንጀት ተስቦ፣ ታይፎይድ የምንለው፣ ከተማዋን መታት። ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞተ። በእንግዳ የምትኖር ከተማ በዚያ በጋ እንግዳ አጣች። ለጤና የሚመጣባት ከተማ በገዛ ውኃዋ ታመመች። በኋላ ውኃው ከሌላ ቦታ እንዲወጣ ተደረገ።

በክፍል ውስጥ ብዙ ያከራከረን ይህ ነው። አንዲት ተማሪ «ይህንን ባይጽፉት ኖሮ ለከተማዋ አይሻልም ነበር?» ብላ ጠየቀች። ቀላል ጥያቄ አይደለም። የእንግዳ ቤት አከራይ የነበረ ሰው እንደ እርሷ ማሰቡ አይቀርም። እኛ ግን በዚህ ሙቀት ውኃ በየቤቱ በበርሜል በሚጠራቀምበት ከተማ የምናስተምር ሰዎች፣ ጉድጓዱ እንዴት እንደተበከለ ሰው ጽፎ ባያስቀምጥ ኖሮ ለልጆቻችን ምን እንደምናስተምር አናውቅም። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሰን፣ ስለ ውኃው ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጀን።

ዋርንስ ሆቴል በ1899 የተከፈተ ነበር፤ በ1987 ተቃጠለ። ዛሬ በቦታው በዚሁ ስም የሚጠሩ መኖሪያ ቤቶች ቆመዋል። ዎርዚንግም ከ100,000 በላይ ሰው ይኖርባታል።

ያ አንድ መስመር የጻፈው ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ወረቀት አመጣ። አሁንም ረጅም አይደለም፤ ሁሉም ጥያቄ ነው። አባቱ ወደብ ላይ ሥራ በጀመረ ጊዜ ጆንያ የሚያወርደው ማን ነበር፤ ክሬን ከመምጣቱ በፊት ስንት ሰው በአንድ መርከብ ይሠራ ነበር፤ የተጎዳ ሰው ወዴት ይወሰድ ነበር፤ ውኃ ከየት ይመጣላቸው ነበር። ልንመልስለት አልቻልንም። የአባቱን የሥራ ባልደረቦች፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ሦስት አዛውንቶችን፣ ከፋሲካ ዕረፍት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመጡልን ለምነናቸዋል። ሁለቱ እሺ ብለዋል። ሦስተኛው «እኔ ምን ታሪክ አለኝ?» ስላሉ ልጁ ራሱ እንዲለምናቸው ልከነዋል።