አምፖሉን ከመቀየርዎ በፊት

ላንድሮቨር የእንግሊዝ፣ ባለ 40 ላንድክሩዘር የጃፓን፣ ኒቫና ክብ መብራት ያላት የድሮዋ ላዳ ደግሞ የሶቭየት ኅብረት ሥራ ናቸው። ፊታቸው ላይ ያለው ክብ ፓውዛ ግን አንድ ልክ ነው፤ ዲያሜትሩ 178 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በገበያ አጠራሩ ሰባት ኢንች። ልኩን ደረጃ አድርገው ያወጡት አሜሪካኖች ናቸው። ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራቸው የሚሸጥ መኪና ሁሉ ይህንኑ ክብ መብራት እንዲይዝ አደረጉ፤ ሌላውም ዓለም ተከተላቸው። ያ ውሳኔ ዛሬ የአሮጌ መኪና ባለቤትን በእጅጉ ይጠቅመዋል። የደከመውን ፓውዛ ነቅሎ፣ በኋላ ዘመን የተሠራውን ያለ ብየዳና ያለ ቆረጣ በዚያው ጎድጓዳ ውስጥ መግጠም ይችላል።

ጉዳዩ ለእኛ የመኪና ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ የብዙ ሰው ምርጫ ሆኗል። ከከተማ ሲወጡ ደግሞ የመንገድ መብራት የለም። አንጸባራቂ የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና ሁሉ የሚታየው በራስዎ መብራት ብቻ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ መብራቱ ሃያ ሜትር ጨምሮ ካሳየ ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ያህል ተገኘ ማለት ነው።

የጥንቱ ክብ ፓውዛ ለብቻው የሚወጣ አምፖል አልነበረውም። መስታወቱ፣ አንጸባራቂውና ክሩ አንድ ላይ የታሸጉ ስለነበሩ ክሩ ሲበጠስ ሙሉ ፓውዛው ይጣላል። አቧራና እርጥበት አለማስገባቱ ጥሩ ጎኑ ነበር፤ ብርሃኑ ግን ደካማና ቢጫ ነው። አውሮፓውያን በ1962 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሃሎጂን መኪና አምፖል፣ ኤች1ን፣ ሲያወጡ ነገሩ ተለወጠ። በተራ አምፖል ውስጥ ከጋለው ክር የሚተነው የተንግስተን ብረት መስታወቱ ላይ እያረፈ ያጠቁረዋል። ሃሎጂን ጋዝ ግን የተነነውን ብረት ይዞ ወደ ክሩ ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት ክሩ ይበልጥ ቢግልም ዕድሜው አያጥርም፤ ብርሃኑም ይነጣል። ረጅሙንና አጭሩን መብራት በአንድ አምፖል የያዘው ኤች4 በ1971 እ.ኤ.አ. ተከተለ።

ኤች4ን መስታወቱን በእጅ ሳይነኩ (የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ከልክ በላይ ግሎ አምፖሉን ይገድለዋል) ወደ ዓይን አስጠግተው ቢመለከቱት ብልሃቱ ይታያል። ውስጡ ሁለት ክሮች አሉ። ከፊት ባለው፣ በአጭሩ መብራት ክር ሥር፣ እንደ ማንኪያ የጎደጎደች ትንሽ ብረት ተሰክታለች። ሥራዋ ብርሃኑ ወደ ታችኛው የአንጸባራቂ ግማሽ እንዳይደርስ መከለል ነው። የላይኛውን ግማሽ ብቻ የመታው ብርሃን ወደ ታች ተመልሶ መንገዱ ላይ ይወድቃል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር አያጥበረብርም። ረጅሙ መብራት ሲበራ ግን ከለላ የሌለው ሌላው ክር ሙሉውን አንጸባራቂ ይጠቀማል። ስለዚህ የክሩና የብረቷ ቦታ በጥቂቱ እንኳ ቢዛነፍ የመብራቱ ቅርጽ ይፈርሳል።

መብራት ደከመብኝ ብሎ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጠንካራ አምፖል ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ግን ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ወደ አምፖሉ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። በብዙዎቹ የድሮ መኪኖች የፓውዛው ኃይል ሁሉ ከባትሪ ተነስቶ፣ በቀጭን ሽቦ ዳሽቦርዱ ላይ እስካለው ማብሪያ ይመጣል፤ ከዚያ በረጅምና አጭር መቀየሪያው አልፎ እንደገና ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ሠላሳና አርባ ዓመት የተቃጠለ የማብሪያ ንክኪ፣ የዛገ ሶኬትና ወደ ቦዲው የሚታሰር የላላ ኔጋቲቭ ሲጨመሩበት ቮልቱ እየተንጠባጠበ ይቀራል።

የሃሎጂን ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፤ እጅግ ይፈጥናል። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወድቃል። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነስተው፣ አጭሩን መብራት አብርተው፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ከፓውዛው ጀርባ ሶኬቱ ላይ በቴስተር ይለኩ። ባትሪው 13.8 ቮልት እያሳየ ሶኬቱ ላይ 12.4 ከተገኘ፣ ማንኛውም አዲስ አምፖል ሲገባ ቮልቱን የሚሰርቀው ያው ሌባ ይጠብቀዋል።

መድኃኒቱ ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ ነው። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ተደርጎ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ሽቦ በቀጥታ ወደ ሪሌዩ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፓውዛው ይሄዳል። የድሮው ማብሪያ ከዚህ በኋላ ሪሌዩን ከመቀስቀስ በቀር ሥራ የለውም፤ የሚያልፍበትም ከ0.2 አምፔር የማይበልጥ ነው። በሪሌዩ እግሮች ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች በአብዛኛው አንድ ናቸው፦ 30 ከባትሪ የሚመጣው፣ 87 ወደ መብራቱ የሚሄደው፣ 85 እና 86 መቀስቀሻዎቹ። ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ ሪሌይ ይበቃል።

እዚህ ላይ ባለ ቶዮታዎች ሊያውቁት የሚገባ ወጥመድ አለ። በብዙ የላንድክሩዘር ሞዴሎች ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጋቲቩን ነው። ለሌላ መኪና ተብሎ የተዘጋጀ የሪሌይ ገመድ ሳይስተካከል ቢገጠምባቸው ወይ አይበራም፣ ወይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የረጅም መብራት ምልክት ይዘበራረቃል። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦ ከመቁረጡ በፊት ይህንን እንዲያረጋግጥ መጠየቅ አይከፋም።

ሪሌይ ሳያስገቡ ወደ ባለ 100 ዋት አምፖል መሄድ ግን አደጋ ነው። ረጅሙ ሲበራ ሁለቱ አምፖሎች 17 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ለዚህ ያልተሠራው አሮጌ ማብሪያ ይቀልጣል፤ ሙቀቱም ሶኬቱንና አንጸባራቂውን ያበላሻል።

ኤልኢዲስ? በሁለት ከፍለን እንየው። አንደኛው ለብቻው የሚሸጠው፣ በሃሎጂኑ ቦታ የሚሰካው የኤልኢዲ አምፖል ነው። ክር ዙሪያውን ያበራል፤ ኤልኢዲ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ በግራና በቀኝ ብቻ ይረጫል። አንጸባራቂው ለክሩ ተብሎ የተቀረጸ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ተበታትኖ የሌላውን ዓይን ይወጋል፤ ባለቤቱ ግን ከመኪናው ፊት ያለው አስፋልት ስለነጣለት ያየ ይመስለዋል። ጀርመን በ2020 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን አምፖል ለመጀመሪያ ጊዜ ስትፈቅድ እንኳ ፈቃዱ ተፈትነው ለተመዘገቡ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሙሉ ፓውዛው ኤልኢዲ ሆኖ፣ የራሱን ሌንስና አንጸባራቂ ይዞ የሚመጣው ነው። ለሰባት ኢንች ቦታ የተሠራ ጥሩ ሙሉ ኤልኢዲ ትንሽ ኃይል ስቦ ብዙ ያበራል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ግን ይተዉት። በጣርማ በር ጉም ወይም በክረምት ዝናብ ውስጥ መልሶ የሚያጥበረብረው ራስዎን ነው።

ፓውዛ ሲገዙ መስታወቱን ያንብቡ። በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ (E) ፊደልና ቁጥር ካለበት የአውሮፓን ፈተና አልፏል፤ 1 ጀርመንን፣ 4 ኔዘርላንድን ያመለክታል። ቀጥሎ ቀስት ይፈልጉ። ቀስት የሌለው እንደኛ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያመለክት ቀስት ያለው በግራ ለሚነዱት፣ ባለ ሁለት አቅጣጫው ለሁለቱም ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአጭር መብራት ጨረር እግረኛና ምልክት እንዲያሳይ በመንገዱ ዳር በኩል ከፍ ይላል። ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ መኪና የተፈታ ፓውዛ እዚህ ሲገጠም ከፍ የሚለው በግራ፣ በሚመጣው መኪና ፊት ላይ ነው።

እንደ ቪትዝ ያሉት ቅርብ ጊዜ የተሠሩ መኪኖች መስታወታቸው ፕላስቲክ ነው። በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሲሆን በውሃ እያራሱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ማሸትና ማወልወል ይመልሰዋል። ከፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ካልተቀባ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይደበዝዛል።

የመጨረሻው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙዎች የሚዘሉትም እሱን ነው። ጎማው ልኩን ተነፍቶ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቁም። የፓውዛውን መሐል ከመሬት ለክተው ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከሱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው መስመር ያስምሩ። አጭሩ መብራት ሲበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ መስመሩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ከፓውዛው ዳር ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ያስተካክሉ፤ አንዱ ወደ ላይና ታች፣ ሌላው ወደ ጎን ይወስዳል። ከኋላ ጭነት የሚያበዙ ከሆነ ጭነቱ እንዳለ ይለኩ፤ ጀርባው ሲወርድ መብራቱ ቀና ይላልና።

በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኔጋቲቩንና ሶኬቱን ማጽዳት፣ ሪሌይ ማስገባት፣ ደህና ባለ 60/55 ዋት ኤች4፣ ከዚያ ልኬት። ኤልኢዲ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲጨርሱም አንድ ምሽት ከከተማ ወጣ ብለው በአጭር መብራት ይንዱ። የሚመጡት መኪኖች ረጅም መብራት እያብለጨለጩ የሚያስጠነቅቁዎት ከሆነ ሥራው አላለቀም፤ ወደ ግድግዳው ይመለሱ።