ላይክ ያዘዘ ላይክ ያገኛል

ደንበኞቼ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚሉት ብዙም አይለያይም፤ «ይቺን ፖስት ቡስት አድርግልኝ»። ጫማ የሚሸጠውም፣ ክሊኒክ የከፈተውም፣ አፓርታማ የሚያስገነባውም እኩል ይላታል። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፤ «ምን እንዲሆንልዎት ነው?» አብዛኛው ሰው «ብዙ ሰው እንዲያየው ነዋ!» ይላል። የገንዘቡን ዕጣ የሚወስነው ይኸው መልስ ነው።

ፌስቡክንና ኢንስታግራምን የያዘው ሜታ ገንዘብ ሲቀበል አብሮ ዓላማ ይቀበላል። አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ገጹን በሳበ ቁጥር፣ እዚያች ቦታ ላይ መታየት የሚፈልጉ ማስታወቂያዎች በቅጽበት ይጫረታሉ። የሚያሸንፈው ብዙ ያቀረበው ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ «ይህ ሰው የተፈለገውን ነገር የማድረግ ዕድሉ ምን ያህል ነው?» ብሎ ይገምታል፤ የማስታወቂያውንም ጥራት ይመዝናል። ስለዚህ ላይክና ኮሜንት ላዘዘ ያገኙትን ሁሉ ላይክ የሚያደርጉ ሰዎችን ይፈልግለታል። መልእክት ላዘዘ መልእክት መጻፍ የሚቀናቸውን ያመጣለታል። ገዢ ያላዘዘ ሰው ገዢ ቢያገኝ በዕድሉ ነው።

የሪፖርቱን ቃላት በአንድ ምሳሌ እንያቸው። አንድ የጫማ ነጋዴ ለማስታወቂያ 10,000 ብር መደበ እንበል። ሪፖርቱ ሲመጣ ዓይን የሚስበው ቁጥር ኢምፕሬሽን ነው፤ 200,000። ይህ ማስታወቂያው ስክሪን ላይ የወጣበት ብዛት እንጂ የሰው ብዛት አይደለም። የሰዉን ብዛት የሚናገረው ሪች ነው፤ እሱ 50,000 ከሆነ አንድ ሰው በአማካይ 4 ጊዜ አይቶታል። ለአንድ ሺህ ኢምፕሬሽን የተከፈለው፣ ሲፒኤም የምንለው፣ 50 ብር ይመጣል። ማስታወቂያው 2,000 ጊዜ ከተነካ ከኢምፕሬሽኑ የተነካው ድርሻ፣ ሲቲአሩ፣ 1 በመቶ፣ የአንድ ክሊክ ዋጋ ደግሞ 5 ብር ነው። እስከዚህ ሁሉም ቁጥር ደስ ይላል። ከዚያ 100 ሰው ደወለ ወይም ጻፈ፤ 20 ሰው ገዛ። አንድ ገዢ ለማግኘት 500 ብር ወጣ ማለት ነው። ከአንድ ጥንድ ጫማ የሚገኘው ትርፍ 400 ብር ከሆነ፣ ነጋዴው በእያንዳንዱ ሽያጭ 100 ብር ከኪሱ እየጨመረ ነው። ከእነዚያ 20 ሰዎች ግማሾቹ ተመልሰው ሁለተኛ ጥንድ ቢገዙ ግን ትርፉ 12,000 ብር ይሆንና ሒሳቡ ይገለበጣል። ይህን ሁሉ የሚወስኑት የአንድ ጥንድ ትርፍና ተመልሶ የሚገዛው ሰው ብዛት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሪፖርቱ ውስጥ የሉም።

ሪፖርቱ ከላይ ባሉት ደረጃዎች፣ በእይታና በክሊክ፣ ላይ የሚያተኩርበት የቆየ ምክንያት አለ። በድረ ገጽ ላይ የመጀመሪያዎቹ የባነር ማስታወቂያዎች የወጡት በጥቅምት ወር 1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ሆትዋየርድ ላይ ነው፤ የቦታው አሻሻጥም ከጋዜጣና ከመጽሔት የተወረሰ ነበር። ማስታወቂያው ከታየ በኋላ ሰው ባይመጣ ኪሳራው የአስነጋሪው ነበር። ጎቱ ዶት ኮም የተባለው የፍለጋ ድረ ገጽ በ1998 ክፍያውን በክሊክ አደረገው፤ ጎግልም በ2000 አድወርድስን በሺህ እይታ ዋጋ ጀምሮ በ2002 ወደ ክሊክ ጨረታ ዞረ። ያኔ የማይነካ ማስታወቂያ ማውጣት ለቦታው ባለቤትም ጉዳት ሆነ። ዛሬም ውል ስንፈራረም የምንከፍለው ለየትኛው ደረጃ እንደሆነ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። ከዚያ ደረጃ በታች ያለው ስጋት በሙሉ የእኛ ነው።

«ታየ» የሚለውም ራሱ መለኪያ አለው። በአሜሪካው ሚዲያ ሬቲንግ ካውንስል መስፈርት አንድ የምስል ማስታወቂያ ታየ የሚባለው ቢያንስ ግማሹ ለአንድ ሰከንድ ስክሪን ላይ ሲቆይ ነው፤ ለቪዲዮ 2 ሰከንድ ይበቃል። ፌስቡክ በ2016 እ.ኤ.አ. የቪዲዮ አማካይ የእይታ ጊዜን አጋንኖ ሲያሳይ መቆየቱን አምኗል፤ ከ3 ሰከንድ በታች አይተው ያለፉትን ከስሌቱ አውጥቷቸው ነበር። ስለዚህ ደንበኛዬ «ቪው መቶ ሺህ ገባ!» ብሎ ሲደሰት፣ ደስታውን ሳላበላሽ «ስንቱ እስከ መጨረሻው አየው?» እለዋለሁ።

ወደ እኛ ገበያ ስንመጣ ትልቁ ችግር ኮንቨርዥን ላይ፣ ማለትም ያየው ሰው ገዢ በሚሆንበት ደረጃ ላይ፣ ነው። ሽያጭ በድረ ገጽ ላይ በሚያልቅበት አገር፣ ፒክስል የሚባለው ኮድ ማን እንደገዛ ለማስታወቂያ ሥርዓቱ ይነግረዋል፤ ሥርዓቱም ገዢውን የሚመስሉ ሰዎችን እየፈለገ ይማራል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሰውዬው ማስታወቂያውን ያይና ይደውላል፤ ዋጋ ይከራከራል፤ በቴሌብር ይልካል ወይም ዕቃው በሞተር ሲደርሰው በእጁ ይከፍላል። ሥርዓቱ ይህን ሁሉ አያየውም፤ ስለማያየውም አይማርም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የነጋዴው ደብተር ነው። ለደንበኞቼ ለማስታወቂያ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ሲም ካርድ እንዲያወጡ እመክራለሁ፤ በዚያ ቁጥር የሚመጣ ጥሪ ሁሉ የማስታወቂያው ነው። ሁለት ማስታወቂያ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ስልክ የሚያነሳው ልጅ «የት አይተውን ነው?» ብሎ ይጠይቅና ይመዝግብ። ዓላማውንም ከላይክ ወደ መልእክት ማዞር ይሻላል፤ መልእክት ቢያንስ ሥርዓቱ ሊያየው የሚችል ነገር ነው።

እዚህ ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማዳችንን ማንሳት አለብኝ። መልእክት ያበዛል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ከሚጽፉት አብዛኞቹ ዋጋውን ሰምተው የሚጠፉ ናቸው፤ ሥርዓቱም የሚፈለገው ዋጋ ጠያቂ ነው ብሎ ተምሮ ሌላ ዋጋ ጠያቂ ያመጣል። ዋጋውን ፎቶው ላይ ጽፈን ስናወጣ የመልእክቱ ብዛት ይቀንሳል፤ የሚጽፈው ሰው ግን አድራሻና ቁጥር የሚጠይቅ ነው።

ቴሌግራም ላይ ያለው የማስታወቂያ ንግድ ደግሞ በአብዛኛው ከቻናል ባለቤቱ ጋር በቀጥታ በመነጋገር ይሄዳል። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው የሜምበሩን ብዛት ነው። ሜምበር ግን በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ፖስት ግርጌ ከዓይን ምልክቷ አጠገብ ያለውን የእይታ ቁጥር ተመልከቱ። 100,000 ሜምበር አለው የተባለ ቻናል የትናንት ፖስቱ 2,000 ጊዜ ብቻ ከታየ፣ ዋጋ መደራደር ያለባችሁ በ2,000 ላይ ነው።

ታርጌቲንግም፣ ማለትም ማስታወቂያው ለማን እንዲታይ መምረጥ፣ ገንዘብ ይበላል። አፓርታማ ሻጮች ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉ ወገኖቻችንን ይፈልጋሉ፤ ተገቢ ነው፤ ከገዢዎቹ የተወሰኑት እዚያ ናቸውና። ነገር ግን ዋሽንግተን ውስጥ ለሰውዬው ዓይን የሚጫረቱት የአሜሪካ ባንኮችና የመኪና ኩባንያዎች ጭምር ናቸው፤ ስለዚህ ሲፒኤሙ ከአዲስ አበባው ብዙ እጥፍ ይወደዳል። አሜሪካንና ኢትዮጵያን በአንድ ዘመቻ ውስጥ ካስገባን ሥርዓቱ ርካሹን መርጦ ገንዘቡን አዲስ አበባ ላይ ይጨርሰዋል። በጀቱን ለይቶ ማቆም ግድ ነው። የማስታወቂያውን ክፍያ የውጭ ካርድ ያለው ሰው ሲከፍልልንም የሚያስበው ምንዛሪ የማስታወቂያው ዋጋ አካል ነው። የአንዱን ገዢ ወጪ የሚያሰላ ሰው ያንን ምንዛሪ ቢዘነጋ የሚያታልለው ራሱን ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ላለን ባለሙያዎች አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ሪፖርታችንን ከታች ወደ ላይ እንጻፈው። የመጀመሪያው መስመር ስንት ተሸጠ፣ ሁለተኛው አንዱ ሽያጭ ስንት ፈጀ፣ ሦስተኛው ስንት ሰው ደወለ ይበል። ሪችና ኢምፕሬሽን መጨረሻው ገጽ ላይ ይቀመጡ። ብዙ ነጋዴ ገቢውን ለውጭ ሰው መንገር አይወድም፤ እንረዳዋለን። ብሩን ባይነግረንም ከደወሉት አሥር ሰዎች ስንቱ እንደገዛ ይንገረን። ያንንም ካልነገረን ለሥራችን ልናስከፍለው እንችላለን፤ ውጤት ግን ቃል ልንገባለት አይገባም።