ፈረስ የሚጋልብበት ሐይቅ፣ ጀልባ የሚቀዘፍበት ሐይቅ

በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ከባሕር ወለል በላይ 1,768 ሜትር ላይ የሚገኘው የሴንት ሞሪትዝ ሐይቅ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ይሆናል። ከእ.ኤ.አ. 1907 ጀምሮ ፈረሶች ጋላቢዎቻቸውን ተሸክመው በረጋው ውኃ ላይ ይሮጣሉ፤ በሺዎች የሚቆጠር ተመልካችም በዚያው በረዶ ላይ ቆሞ ያያል። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ወሰን ላይ ያለው የታሆ ሐይቅ ደግሞ በ1,897 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከሴንት ሞሪትዝ ከፍ ያለ ቢሆንም ገጹ ሙሉ በሙሉ አይረጋም፤ ዳርቻው በአመዳይ ተሸፍኖ ሳለ ሰዎች በውኃው ላይ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ጣናችንም ከሁለቱ ብዙም በማይርቅ፣ 1,800 ሜትር አካባቢ በሆነ ከፍታ ላይ ተኝቷል፤ በረዶ ግን አያውቅም። ከፍታቸው እንዲህ የተቀራረበ ሐይቆች ጠባያቸው ለምን ተለያየ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

አስቀድመን ስለ ቃላት እንስማማ። በአገራችን ክረምት የዝናብ ወቅት በመሆኑ፣ የሰሜኑን ቅዝቃዜ ወቅት «የብርድ ወራት» እንለዋለን። በቋንቋችን «በረዶ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚያመለክትም፣ እዚህ በረዶ ስንል የረጋውን ውኃ፣ አመዳይ ስንል ደግሞ እንደ ባዘቶ ከሰማይ የሚወርደውን ማለታችን ነው። ሁለቱ የመዝናኛ ሥፍራዎች በይበልጥ የታወቁት ስኪ በተባለው ቁልቁል የመንሸራተት ስፖርት ቢሆንም፣ እኛ የምናተኩረው ስኪ ለማይሞክረው ጎብኚ በተዘጋጁት ጨዋታዎች ላይ ነው።

ሐይቅ የሚረጋው እንዴት ነው?

አብዛኞቹ ፈሳሾች በቀዘቀዙ ቁጥር እፍግታቸው ይጨምራል። ውኃ ግን እፍግታው ከፍተኛ የሚሆነው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይቀልላል። ስለዚህ የብርድ ወራት ሲገባ ላይኛው ውኃ እየቀዘቀዘ ይሰምጣል፤ ሞቅ ያለው የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ዑደት የሚያበቃው ውኃው እስከ ታች ድረስ ወደ 4 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የቀዘቀዘው ውኃ ስለሚቀልል ከላይ ይቀራል፤ 0 ዲግሪ ሲደርስም ይረጋል። ሲረጋ ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ በረዶው ይንሳፈፋል። ከሥሩ ያሉት ዓሦች በሕይወት የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሐይቅ ከመርጋቱ በፊት በሆዱ ያለውን ሙቀት መስጠት አለበት። የታሆ አማካይ ጥልቀት 300 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ 501 ሜትር ይደርሳል። በአማካይ ጥልቀቱ ብናሰላ፣ ከአንድ ካሬ ሜትር ገጽ ሥር 300 ቶን ውኃ አለ። ይህን በ1 ዲግሪ ብቻ ለማቀዝቀዝ 1.26 ቢሊዮን ጁል ያህል ሙቀት መውጣት ይኖርበታል። ሴንት ሞሪትዝ ግን በጥልቁ ሥፍራ እንኳ 44 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ለተመሳሳይ ሥራ 185 ሚሊዮን ጁል ይበቃዋል፤ ይህም ከታሆው አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። በዚህ ላይ የታሆ አየር ከሴንት ሞሪትዝ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው። ሐይቁ ሙቀቱን ሰጥቶ ሳይጨርስ ፀደይ ይደርስበታል።

ጣናን ስንመለከት ነገሩ ይገለበጣል። ከ14 ሜትር ገደማ የማይበልጥ ጥልቀት ስላለው፣ በአልፕስ ተራሮች ላይ ቢሆን ፈጥኖ በረጋ ነበር። ነገር ግን በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ታሞቀዋለች። ከፍታ ብቻውን ሐይቅን አያረጋም፤ ኬክሮስና ጥልቀትም ተጨምረው መታየት አለባቸው።

ጎብኚው ምን ይጫወታል?

በታሆ ዳርቻ የተለመደው መዝናኛ ሰፊ መርገጫ በጫማ ላይ አስሮ በአመዳይ ላይ መራመድ ነው። ግፊት ክብደት ለስፋት ሲካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ መርገጫው በሰፋ መጠን እግር የመስመጡ ነገር ይቀንሳል። ልጆች በሰሌዳ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። በስለት ጫማ መንሸራተት፣ ማለትም ስኬቲንግ የፈለገ ግን ሰው ሠራሽ በረዶ መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960 ከታሆ አጠገብ ባለ ሸለቆ የብርድ ወራት ኦሊምፒክ ሲካሄድ፣ የፍጥነት ስኬቲንግ በኦሊምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ በቀዘቀዘ በረዶ ላይ ተደርጓል።

በረዶ ለምን ያንሸራትታል? ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ «የስለቱ ግፊት በረዶውን ያቀልጠዋል» የሚል ነበር። ይሁን እንጂ የመቅለጫ ነጥቡን በ1 ዲግሪ ብቻ ለማውረድ ከከባቢ አየር ግፊት 130 እጥፍ ያህል ያስፈልጋል፤ በብርቱ ብርድ ጊዜ ይህ ማብራሪያ አያዋጣም። ዛሬ የሚታወቀው የበረዶ ገጽ ሞለኪውሎች እንደ ውስጠኞቹ አጥብቀው ያልተያያዙ መሆናቸውና የሰበቃ ሙቀትም በመንሸራተቱ ላይ ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። ማይክል ፋራዴይ የበረዶ ገጽ ቀጭን ፈሳሽ ለብሷል የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1850 ነበር።

ውፍረትና ሕይወት

በረጋ ሐይቅ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ሁሉ በአንድ ልኬት ላይ ይመሠረታል፤ እርሱም የበረዶው ውፍረት ነው። የተለመደው መመሪያ ለአንድ እግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል ይላል። በረዶ የሚሸከመው ጭነት ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። አመዳይ ተቀላቅሎበት የነጣ በረዶ ደግሞ ከጥርቱ ግማሽ ያህል ብቻ ብርታት አለው።

ውፍረቱም እንደተመኘነው አያድግም። በረዶው ራሱ ከሥሩ ያለው ውኃ ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚጋርድ፣ በወፈረ ቁጥር እድገቱ ይዘገያል። ቅዝቃዜው ሳይለዋወጥ 10 ሴንቲ ሜትር በ5 ቀን ከተሠራ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ በጠቅላላው 20 ቀን፣ 30 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ 45 ቀን ይጠይቃል። ትኩስ አመዳይ ከወደቀበትማ፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከበረዶ ወደ 20 እጥፍ ያነሰ በመሆኑ፣ ሐይቁን እንደ ጋቢ ያለብሰዋል። በአመዳይ የተሸፈነ ሐይቅ የጸና ቢመስልም፣ ከሥሩ ያለው በረዶ ስስ ሊሆን ይችላል።

ልምድ ያላቸው አዘጋጆችም ቢሆኑ ከአደጋ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 በሴንት ሞሪትዝ በውድድር መካከል ፈረሶች ወድቀው አንድ ፈረስ ሞቷል፤ አንድ ጋላቢም በጽኑ ተጎድቷል። መንሥኤው በስንጥቅ በኩል የሰረገው ውኃ የመሮጫውን ገጽ ማላላቱ እንደሆነ ተገልጿል፤ የዕለቱ ቀሪ ውድድሮችም ተሰርዘዋል።

የአየር ንብረት መሞቅ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። በጃፓን ተራሮች መካከል ባለው የሱዋ ሐይቅ፣ የሺንቶ ካህናት የሐይቁን መርጋት ከእ.ኤ.አ. 1443 ጀምሮ ሲመዘግቡ ኖረዋል። በቅርብ አሥርተ ዓመታት ሳይረጋ የሚያልፍባቸው ዓመታት በርክተዋል። በሌሎች የሰሜን ሐይቆችም በረዶው ዘግይቶ ይመጣል፤ ቀድሞም ይሄዳል። «አያቶቻችን በዚህ ቀን ይሻገሩት ነበር» የሚለው ልማድ ከእንግዲህ ዋስትና አይሆንም።

ለትምህርት ወደ ብርድ አገሮች የሚሄዱ ተማሪዎቻችን የረጋ ሐይቅ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ በዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህን ማወቅ ይበጃቸዋል፦ ውፍረቱ ባልተለካ በረዶ ላይ አይውጡ፤ ብቻዎንም አይሂዱ። በረዶው ተሰብሮ ውኃ ውስጥ ከገቡ፣ የመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽን የመቆጣጠሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ጡንቻ ሳይደነዝዝ ያሉት 10 ደቂቃዎች ገደማ ናቸው። ፊትዎን ወደመጡበት አቅጣጫ ይመልሱ፤ ያ በረዶ ክብደትዎን ተሸክሞ ነበርና። እግርዎን እያንፈራገጡ በደረትዎ ወደ ላይ ይሳቡ። ከወጡም በኋላ አይቁሙ፤ ክብደትዎ በሰፊ ቦታ ላይ እንዲያርፍ እየተንከባለሉ ይራቁ። በሰፊ መርገጫ በአመዳይ ላይ የሚያራምደው የግፊት ሕግ እዚህ ደግሞ ሕይወት ያድናል።