ስብን ማንደድ ስለማይችል ሕፃን ለወላጆች የተሰጠ ምክር

በወለጋ ምድር፥ በነቀምትም ሆነ በኡኬ፥ በቆሎና አንጮቴ፥ ወተትና ቅቤ የልጅ ማሳደጊያ ናቸው። ነገር ግን በገላው ስብ ተከማችቶ ሳለ በአንድ ሌሊት ራብ የሚሞት ሕፃን አለ። ነገሩ እንቈቅልሽ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው።

የሰው ገላ በሁለት ማገዶ ይሠራል። የመጀመሪያው ከእህል የሚገኘው ስኳር ነው፤ ይህንንም ጉበት ያስቀምጠዋል። የሕፃን ጉበት ግን ጐተራው ትንሽ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይራቈታል፤ ያን ጊዜ ገላ ወደ ስብ ይመለሳል። ስብም እንደ ረዥም ሰንሰለት ነውና፥ ሚቶኮንድሪያ በሚባሉት ጥቃቅን ምድጃዎች ውስጥ ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቈረጠ ይነዳል። ቈራጮቹ ኢንዛይም ይባላሉ፤ ከነርሱም አንዱ በትውልድ የጐደለ እንደ ሆነ፥ ማገዶው ሞልቶ ሳለ ምድጃው ይጠፋል።

ከነዚህ ደዌዎች ይልቁን የታወቀው፥ ኤምካድ የሚባለው ኢንዛይም ጕድለት ነው፤ ሊቃውንት ለይተው ያወቁትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሕፃኑ ደኅና ሆኖ ይወለዳል። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ይዞት ምግብ እምቢ ያለ እንደ ሆነ ግን ያስመልሰዋል፥ ይዝላል፥ ቢቀሰቅሱት የማይነቃበት እንቅልፍ ይወስደዋል። ሳይታከም ቢቀር ያሸልባል፤ ቤተ ሰቡም ቡዳ በላው እያለ ያለ በደሉ ጐረቤቱን ይጠረጥራል።

ደዌው የሚገለጠው ከአባትም ከእናትም የተወረሰ እንደ ሆነ ነው። ሁለቱም ጤነኞች ሆነው በስውር ቢሸከሙት፥ በየእርግዝናው ከ4 አንድ ዕድል አለ። የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ ዕድሉ ይበዛልና፥ እስከ 7 ቤት ዘር ቈጥሮ መጋባት ለክብር ብቻ ሳይሆን ለጤናም ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ፈጽሞ አያድንም።

በብዙ አገር ከአራስ ልጅ ተረከዝ ጥቂት ጠብታ ደም በወረቀት ተወስዶ ይመረመራል። ደዌው የተገኘበትም ልጅ ዋና መድኃኒቱ ሳይራብ በሰዓቱ መመገብ ነው፤ በዚህም እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ይህ ምርመራ በአገራችን ለሁሉ አልተዳረሰምና፥ የወላጅ ዓይን ሊተካው ይገባል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የታመመ ሕፃን አልበላም ብሎ ቢያስመልስና ቢያንቀላፋ፥ እስኪነጋ አትጠብቁ። የሚነቃና መዋጥ የሚችል ከሆነ ጡት ወይም የስኳር ውሃ እየሰጣችሁ ወደ ሐኪም ቤት ፍጠኑ። አስቀድሞ በቤታችሁ ሕፃን በድንገት ሞቶ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የሟቹ ወሬ የቀረውን ያድናልና።