ዘሩን ያልበላ ሰው

በአዲስ አበባ መካከል፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ሰፈር አራዳ ይባላል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ትልቁ ገበያ በዚያ ይቆም ነበር። ገበሬዎችም ጤፉን፥ ገብሱንና ስንዴውን በአህያ ጭነው እየመጡ ይሸጡ ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተባለ፤ አራዳም ፒያሳ የሚል ሁለተኛ ስም ወጣላት።

የከተማ ሰው ሁሉ አያርስም። ዳኛው ይፈርዳል፤ አንጥረኛው ወርቅ ይሠራል፤ ጸሐፊው ይጽፋል። እነዚህ ሁሉ የሚበሉት ግን ገበሬው ያመረተውን ነው። ገበሬ ከጉርሱ የሚተርፍ እህል ባያገኝ ኖሮ ገበያም ከተማም ባልኖረ ነበር።

ነገር ግን ሰው ከመጀመሪያው ገበሬ አልነበረም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ከሚሊዮን ዓመት በፊት ከባልጩትና ከሌላ ድንጋይ የተሠራ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ስፍራውም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። የሰው ልጅ እጅግ ረጅም ዘመን አውሬ እያደነ፥ ፍሬና ሥራ ሥር እየለቀመ ኖረ። አውሬው ሲርቅ ይከተለዋል፤ ፍሬው ሲያልቅ ሰፈሩን ይለቃል።

ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ በምዕራብ እስያ ሰዎች ስንዴና ገብስ መዝራት ጀመሩ። በኢትዮጵያም የጥንት ሰዎች ኑግንና እንሰትን አለመዱ፤ የዱር ሣር የነበረውንም ጤፍ አደረጉት። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ነው፤ 1,000 ፍሬ 1 ግራም አይሞላም። የዱር ሣር ፍሬ በደረሰ ጊዜ ይረግፋል፤ ነፋስም ይወስደዋል። ሰው ግን ሳይረግፍ የቀረውን እየሰበሰበ መልሶ ዘራው። ይህንም በብዙ ትውልድ ስላደረገ ፍሬውን ይዞ አጫጁን የሚጠብቅ ጤፍ ተገኘ።

ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። አዳኝ ዛሬ የገደለውን ዛሬ ይበላል። ገበሬ ግን ጎተራው በክረምት ሲጎድል ለዘር ያስቀመጠውን አይነካም። ቢነካው ጥቂት ቀን ይጠግባል፤ በመኸር ግን የሚያጭደው የለውም።

የገበሬ ኑሮ ከመከራ የራቀ አይደለም። አዳኝ አገሩ ቢከፋበት ይሄዳል፤ ገበሬ ግን እርሻውን ተሸክሞ መሄድ አይችልም። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን በተባለው ዘመን የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ መሬቱም ጦም አደረ። ብዙ ሰው እንደ ጥንቱ ቅጠልና ሥራ ሥር ለቅሞ በላ፤ ብዙም ሰው አለቀ። በዚያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ለሕዝቡ ምሳሌ ሊሆኑ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። በሬ የሌለው ሰው በእጁ ቆፍሮ ይዘራ ዘንድ አስተማሩ።

ስለዚህ እንጀራ የሚቆርስ ልጅ ይህን ያስብ። በሌማቱ ላይ ያለው እንጀራ፥ ተርቦ ሳለ ዘሩን ያልበላ ሰው ያቆየለት ርስት ነው።