ከፊት የሚሮጥ ሰው በምን ይመዘናል?

ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ በሚዘረጋበት በሱሉልታ ሜዳ፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍና ከብቱ ከበረት ሳይወጣ ማልዶ የደረሰ ሰው፣ ዐሥር ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ወጣቶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር ተሰክተው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ፣ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ያገኛቸዋል። ጠጋ ብሎ ያስተዋለ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ፊተኛው ጉድጓድ ወይም የዛፍ ሥር ባየ ጊዜ ሳይናገር እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ሲያመለክት፣ ሁለተኛው ምልክቱን ተቀብሎ ለሦስተኛው ሲያስተላልፍ፣ የመጨረሻውም ጉድጓዱን ሳያየው ተሻግሮት ሲሄድ ይመለከታል። ኋለኞቹ እግር ይከተላሉ እንጂ መንገድ አይፈልጉም። መንገድ መፈለግ፣ ፍጥነት መወሰን፣ ከሜዳው የሚነሣውን ብርድና ነፋስ በደረት መቀበል የፊተኛው ዕዳ ነው፤ ስለዚህም ፊተኛነቱን ተራ በተራ ይቀባበሉታል። ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ባለ፣ አየሩ በሳሳበት በዚህ ስፍራ፣ ያ ዕዳ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ተራው ደርሶት ወደ ፊት የወጣው ልጅ ትንፋሽ ይመሰክራል።

በዚህ ምዕራፍ ልመረምረው የተነሣሁት ነገር ከዚሁ ዕዳ የሚመነጭ ነው። በረዥም ርቀት ሩጫ ሁለት ዐይነት ስልት አለ። አንደኛው መታገሥ ነው፤ ይኸውም በሌላው ጀርባ ተሸሽጎ ጉልበትን ቆጥቦ፣ የመጨረሻው ደወል ሲቃረብ ድንገት መፈትለክ ሲሆን፣ ምሩጽ ይፍጠር «ማርሽ ቀያሪው» የተባለበት ጥበብ ነው። ሁለተኛው ማጥቃት ነው፤ ገና ብዙ ዙር ሲቀር ወደ ፊት ወጥቶ፣ ፍጥነቱን ተከታዮቹ ሊሸከሙት ከሚችሉት በላይ አክብዶ፣ እነርሱ ሳይደክሙ እኔ አልደክምም በማለት የራስን ጉልበት በመያዣነት ማስያዝ ነው። ይህ ሁለተኛው ስልት ዐይንን የሚማርክ ልብንም የሚያሞቅ ስለ ሆነ፣ ባሸነፈ ጊዜ ጀግንነት፣ በተሸነፈ ጊዜ ጅልነት ይባላል። አንዱን ሥራ በፍጻሜው ብቻ በሁለት ስም የሚጠራ ፍርድ ግን ሚዛን የለውም።

በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአንድ ሳምንት ልዩነት የሆኑትን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን እናኑር። የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ፣ ፍጥነቱን ደጋግሞ እያጦዘ ተወዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ አራገፋቸው፤ የእኛው ማሞ ወልዴም ብዙ ከታገለ በኋላ አራተኛ ሆነ። ነገር ግን አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስና ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲ ሳይራገፉ ቀርተው በመጨረሻው ዙር አለፉትና ክላርክ ነሐስ ይዞ ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ በማራቶን ክላርክ ዳግመኛ ከፊት ወጣ፤ በዚያ ቀን ግን ከኋላው የነበረው አበበ ቢቂላ ነበረ። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆኖት ሳለ፣ ክላርክን አልፎ፣ ከዚያም ብቻውን ሄዶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን ሲገባ ሁለተኛው ሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ደረሰ፤ ክላርክ ዘጠነኛ ሆነ። አንድ ከተማ፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ስልት፤ ፍጻሜው ግን የተለያየ። ፍጻሜውን ዳኛ ካደረግነው ማጥቃት በጥቅምት 14 ስሕተት፣ በጥቅምት 21 ጥበብ ነበረ ልንል ነው።

እንግዲህ ሚዛኑን ወደ ሌላ ስፍራ እናዛውረው። አጥቂውን ከአሸናፊው ጋር ከማስተያየት ይልቅ ከራሱ ጋር እናስተያየው፤ ይኸው ሰው በዚያው ቀን ታግሦ ቢጠብቅ ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? ክላርክ በመጨረሻው ዙር የሚፈተለክ እግር አልነበረውም፤ ሩጫው ረግቦ ቢያልቅ ኖሮ ከሁለት የበዙ ሰዎች ሊቀድሙት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ነሐሱ የማጥቃቱ ፍሬ እንጂ የማጥቃቱ ቅጣት አይደለም ብዬ እፈርዳለሁ። በ1992 በባርሴሎናም የደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ሜየር ቀድማ ሮጣ ሌሎቹን ሁሉ ከኋላ ባስቀረች ጊዜ፣ ደራርቱ ቱሉ ብቻ ተከትላት፣ ምሪውንም አልቀበልም ብላ ቆይታ፣ አንድ ዙር ሲቀር አልፋት ወርቁን ወሰደች። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ሜየር ያለ ማጥቃቷ ብሩን፣ ደራርቱ ያለ ትዕግሥቷ ወርቁን ማግኘታቸው አጠራጣሪ ነበር።

ከእኛ ዘመን ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ከአልማዝ አያና የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። በ2013 በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና፣ መሠረት ደፋር በመጨረሻው ፍጥነቷ ባሸነፈችበት የ5,000 ሜትር ሩጫ፣ አልማዝ ሦስተኛ ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ በቤጂንግ የገጠመቻት ገንዘቤ ዲባባ፣ በዚያው ዓመት የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረች፣ በመጨረሻው ዙር ማንም የማይደርስባት ሯጭ ነበረች። አልማዝ ይህን እያወቀች ደወሉን መጠበቅ ማለት ሽንፈትን መጠበቅ መሆኑን ስለ ተረዳች፣ ገና አምስት ዙር ያህል ሲቀር ወጣች፤ ገንዘቤ ጥቂት ተከትላ ቆይታ ተላቀቀች፤ አልማዝም በ14፡26.83 ወርቁን ወሰደች፣ ገንዘቤም በመጨረሻው ሜትር በሰንበሬ ተፈሪ ተቀድማ ሦስተኛ ሆነች። በ2016 በሪዮ በ10,000 ሜትር እንዲሁ እኩሌታው ካለፈ በኋላ ብቻዋን ሄዳ፣ ከ1993 ጀምሮ ሳይነካ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሽላ 29፡17.45 ገባች፤ ያን ቀን ሦስተኛ የሆነችው ጥሩነሽ ዲባባ ነበረች።

ከሳምንት በኋላ ግን በዚያው መም በ5,000 ሜትር እንደ ልማዷ ወጥታ ስትመራ፣ ኬንያውያኑ ቪቪያን ቼሩዮትና ሄለን ኦቢሪ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ደርሰው አለፏት፤ አልማዝ ነሐስ አገኘች። ይህን ሩጫ የመጻሕፍት መምህራን በአንድምታ ሥርዓት እንደሚተረጕሙት እናንብበው። አንድም፣ ስልቱ ታውቆባታል፤ ኬንያውያኑ ስትወጣ ሳይደነግጡ፣ ወዲያው ልከተል ብለው ሳይቃጠሉ፣ ጉልበታቸውን አመጣጥነው ጠብቀዋታል። አንድም፣ እግሯ ደክሟል፤ የክብረ ወሰኑ ሩጫና ማጣሪያው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተደራርበውባታል። አንድም፣ ርቀቱ አጥሯል፤ በ25 ዙር ቀስ በቀስ የሚሰፋ ክፍተት በ12 ዙር ተኩል ውስጥ ለመስፋት ጊዜ አላገኘም። አንድም፣ ነሐሱ ራሱ የስልቱ ዋጋ ነው፤ አራተኛዋን በሩቅ ጥላታለችና። የአንድምታ ክብሩ አንዱ ትርጓሜ ሌላውን የማይሽር መሆኑ ነው፤ እኔ ግን ከአራቱ ለሦስተኛው አደላለሁ። በ2017 በለንደን፣ በዚያ ዓመት ሳትወዳደር ቆይታ የመጣችው አልማዝ፣ 10,000 ሜትሩን በ46 ሰከንድ ልዩነት አሸንፋ፣ በ5,000 ሜትር ግን ዳግመኛ በኦቢሪ ስለ ተቀደመች፣ የአንድ ሰው አንድ ስልት በረዥሙ ርቀት ላይ የበለጠ እንደሚጸና ያሳየናል።

ከቤጂንግ እስከ ለንደን አምስት ታላላቅ ሩጫዎች፣ አምስት ሜዳልያዎች፣ ሦስቱ ወርቅ። አምስት ምስክር በፍርድ ቤት ብዙ ነው፤ በሚዛን ዕውቀት ግን ጥቂት ነው። አንባቢም ይህን ልብ ይበል፦ ወጥተው ያሸነፉትን ስማቸውን እናነሣለን፤ ወጥተው፣ ደክመው፣ ዐሥረኛና ዐሥራ አምስተኛ ሆነው የገቡትን ግን ካሜራው እንኳ አይከተላቸውም። ማጥቃትን ስንመዝን እነዚያን የተረሱትን ካልቈጠርን፣ ከመከሩ ፍሬውን ብቻ ቆጥሮ ያልበቀለውን ዘር የሚረሳ ገበሬ እንሆናለን። የክብረ ወሰን ሩጫዎችንም ለዚህ ፍርድ አላቀርብም፤ በእነዚያ አሯሯጮች ነፋሱን ስለሚጋፉ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በመሙ ጠርዝ የሚሮጥ መብራት ፍጥነቱን ስለሚያሳይ፣ የፊተኛው ዕዳ በከፊል በሌላ ይከፈላል።

ማጥቃት የአንድ ሰው ሥራ ብቻ እንዳይመስል ደግሞ በ1980 ወደ ሞስኮ እንመለስ። ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር 300 ሜትር ያህል ሲቀረው የቀየረው ማርሽ በታሪክ ቢጻፍም፣ ከዚያ በፊት እርሱና ጓደኞቹ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ከፊት እየተፈራረቁ፣ ፍጥነቱን አንዴ እያጠበቁ አንዴ እያላሉ፣ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ የነበረውን ፊንላንዳዊውን ላሲ ቪረንን ትንፋሽ አሳጥተውት ነበር። ምሩጽ ወርቅ፣ ከድር ነሐስ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ። ስለዚህ የትዕግሥቱ አብነት የምንለው ሰው ራሱ በወንድሞቹ ማጥቃት የተደገፈ ነበረ።

በ2024 በፓሪስ ዮሚፍ ቀጄልቻ፣ ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ ይህንኑ ስልት አነሡት፤ እየተፈራረቁ መርተው ሩጫውን በኦሊምፒክ ታሪክ ከሁሉ ፈጣኑ አደረጉት። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ግን ዕዳውን ሳይከፍል በመካከላቸው ቆይቶ በ26፡43.14 አሸነፈ፤ በሪሁ በ30 መቶኛ ሰከንድ ተቀድሞ ብሩን ሲያገኝ፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በሁለት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ሦስተኛ ሆነ። ብዙ ሰው ልጆቹን ወቀሰ፤ ለቼፕቴጌ አሯሯጭ ሆኑለት ተባለ። እኔ ወቀሳውን አልቀበለውም። በ2021 በቶኪዮ ሩጫው ረግቦ ሰለሞን በመጨረሻው ዙር ማሸነፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ2022 በዩጂንና በ2023 በቡዳፔስት ሩጫው እንደዚያው ረግቦ ቼፕቴጌ አሸንፏል። ሁለት ጊዜ በትዕግሥት የተሸነፈ ሠራዊት በሦስተኛው ማጥቃትን ቢመርጥ በማስተዋል መረጠ ይባላል እንጂ ጅል አይባልም፤ ጉድለቱ ሦስቱም ሠርተው አንዱን ለመጨረሻው ዙር ሳያሳርፉ መቅረታቸው፣ ምሩጽን የሚያህል ባለ ማርሽ ከኋላ አለማስቀመጣቸው ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ በማራቶን፣ ሲሳይ ለማን ተክቶ ገብቶ፣ በከባዱ አቀበት ላይ ብቻውን ወጥቶ በ2፡06፡26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን አመጣ። አቀበት ላይ ከኋላ መሸሸግ እምብዛም አይጠቅምምና፣ የስፍራውን ጠባይ ከስልቱ ጋር አስማምቶ መምረጡ ታላቅ ማስተዋል ነው።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ማጥቃት የሚሠራው ለሁሉ አይደለም፤ የመጨረሻው ዙር ለማይታዘዝለት፣ ረዥም ድካም ለሚታዘዝለት ሯጭ ግን ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው «ለምን አልጠበቀም?» ማለት «ለምን ሌላ ሰው አልሆነም?» ማለት ነው። አልማዝ እንዲህ ያለች ነበረች። በሪዮ የሰበረችው የዓለም ክብረ ወሰን ከዚያ ወዲህ በሲፋን ሐሰን፣ በለተሰንበት ግደይና በቢያትሪስ ቼቤት ተሻሽሏል፤ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰንነቱ ግን ቶኪዮም ፓሪስም ሳያሻሽሉት አልፈዋል።